ጥያቄና መልስ፦ የኮርማ አባለዘር ከላብራቶሪ እስከ ላሟ ማህፀን

አስተባባሪ፦ የዛሬው ጥያቄና መልስ ስለ ኮርማ አባለዘር (የዘር ፈሳሽ) ዝግጅት ነው፤ ከኮርማው ከተሰበሰበበት ደቂቃ ጀምሮ ስትሮው (አባለዘሩ የሚሞላበትና የሚቀዘቅዝበት ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ) ቀልጦ ላሟ ውስጥ እስኪገባ ድረስ። ጋሼ በአባለዘር ላብራቶሪ ረጅም ዓመት የሠሩ ባለሙያ ናቸው። ጥያቄያችሁን ከነቁጥሩ ጻፉ፤ ስንት ዲግሪ፣ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ሚሊ ሊትር።

መላሽ፦ እሺ፣ እንጀምር። አንድ ነገር ላስቀድም። የሞተ ስትሮና ደህና ስትሮ በዓይን አይለዩም። ቀለሙም ጽሑፉም ያው ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ከ21 ቀን በኋላ ላሟ ተመልሳ ኮርማ ስትፈልግ ነው፤ ያኔ ደግሞ ገበሬው ከስሯል። ስለዚህ ቴርሞሜትር ሳይይዝ የሚሠራ ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ አያውቅም። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ፣ ታገሡኝ።

ላብራቶሪ ጀማሪ (ባህር ዳር)፦ ጋሼ፣ አባለዘሩ ተሰብስቦ በመስኮት ሲሰጠኝ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ምን ላስቀድም? እኔ ቀጥታ ወደ ማይክሮስኮፑ ነው የምሄደው።

መላሽ፦ ጥሩ ጠየቅሽ። ከማይክሮስኮፑ በፊት ቱቦው 34 ዲግሪ ዋተር ባዝ (ሙቀቱ የማይለዋወጥ የውሃ ገንዳ) ውስጥ ይግባ። ኮርማው ከመዝለሉ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ዋተር ባዙ፣ ስላይዱ፣ ሽፋን መስታወቱ፣ የፒፔቱ ጫፍና ማቅጠኛው (እኛ ኤክስቴንደር የምንለው) ሁሉም ሞቀው መጠበቅ አለባቸው። በክረምት ጠዋት የላብራቶሪው አየር 14 ዲግሪ ከሆነ ጠረጴዛው ላይ ያደረው ስላይድም 14 ዲግሪ ነው። እሱ ላይ ያስቀመጥሽው ጠብታ በሰከንዶች ውስጥ 20 ዲግሪ ይወርዳል። ብርድ መታው የምንለው ይህንን ነው። የዘር ህዋሱ ሽፋን ብዙ ስብ አለበት፤ ስቦቹ ደግሞ የሚረጉበት ሙቀት ይለያያል። በቀስታ ሲቀዘቅዝ ይስተካከላሉ፤ በድንገት ሲሆን ግን አንዱ ረግቶ ሌላው ሳይረጋ ይቀርና ሽፋኑ በመሐል ያፈሳል። ካልሲየም ይገባል፣ ህዋሱ ውስጡ የያዘው ይወጣል። ማይክሮስኮፕ ላይ ወደ ፊት መሄዱን ትቶ በክብ ሲዞር ወይም ወደ ኋላ ሲዋኝ ታዪዋለሽ። ከዚያ «ኮርማው ደካማ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ኮርማው ጤነኛ ነው፤ የቀዘቀዘው ስላይዱ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ቱቦው ዋተር ባዝ ውስጥ ሆኖ መጠኑን አንብቢ፤ የአንድ ዝላይ በአብዛኛው ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሊትር ነው። ቀለሙንና ሽታውን መዝግቢ። ከዚያ ምንም ሳይጨመርበት ለብዛት ቆጠራና በኋላ ሳይቀጥን ለሚታየው ጠብታ የሚሆን ጥቂት ማይክሮ ሊትር ለይተሽ አስቀምጪ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳል፤ አስኳል ያለበት ማቅጠኛ ከገባ በኋላ ፎቶሜትሩ (የህዋስ ብዛት በብርሃን የሚለካው መሣሪያ) የአስኳሉን ድፍርስነት እንደ ህዋስ ስለሚቆጥረው ቁጥሩ ይዋሻል። ቀጥሎ ተመሳሳይ ሙቀት ያለው ማቅጠኛ አንድ ለአንድ ጨምሪ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ዲግሪ አይበልጥ። ማቅጠኛውን ወደ አባለዘሩ በቱቦው ግድግዳ ቀስ አድርገሽ አውርጂ፤ አባለዘሩን ወደ ማቅጠኛው አትገልብጪ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ማይክሮስኮፑ ጋ ሂጂ። ያልቀጠነውን ጠብታ ያለ ሽፋን መስታወት፣ 37 ዲግሪ በሞቀ መድረክ ላይ፣ በ100 እጥፍ እዪው፤ ህዋሶቹ በጅምላ ሲንቀሳቀሱ ለሚታየው ማዕበል ከ0 እስከ 5 ነጥብ ትሰጫለሽ። የቀጠነውን ደግሞ በሽፋን መስታወት በ200 ወይም በ400 እጥፍ እዪና ስንት በመቶው ቀጥ ብሎ ወደ ፊት እንደሚሄድ ገምቺ። ከ60 በመቶ በታች ከሆነ ለማቀዝቀዝ አይሆንም።

ላብራቶሪ ጀማሪ (ባህር ዳር)፦ ቢጫ ሆኖ ሲመጣ እጥላለሁ። ትክክል ነኝ?

መላሽ፦ ሁልጊዜ አይጣልም። አንዳንድ ኮርማ ከሪቦፍላቪን (ከቫይታሚን ቢ2) የተነሳ በተፈጥሮው ቢጫ ይሰጣል፤ ምንም አይጎዳም። ሽንት ከሆነ ይሸታል፤ ያንን ጣይ። ሮዝ ከሆነ ትኩስ ደም ነው፣ ቡናማ ከሆነ የቆየ ደም ነው፣ የተቆራረሰ እርጎ የሚመስል ነገር ካለበት መግል ነው። በሦስቱም ኮርማው ከሥራ ወጥቶ በሐኪም ይታይ።

ተማሪ (ሐዋሳ)፦ ስለ አባለዘር ጥራት በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

መላሽ፦ ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ ሳይሆን የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ነው። የቱ ደረጃ ላይ፣ የቱ መለኪያ ብለህ ተመለስ።

የላብራቶሪ ባለሙያ (ነቀምቴ)፦ ስሌቱን አንድ ጊዜ በቁጥር ቢያሳዩን። እኛ ጋ ሁለት ሰው ሲያሰላ ሁለት የተለያየ የስትሮ ቁጥር ይወጣል።

መላሽ፦ ይህን ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ። አንድ ኮርማ 6 ሚሊ ሊትር ሰጠ እንበል። ፎቶሜትሩ በአንድ ሚሊ ሊትር 1.2 ቢሊዮን ህዋስ ብሎ አነበበ። ጠቅላላው 7.2 ቢሊዮን ነው። በአንድ ስትሮ 20 ሚሊዮን የምናስገባ ከሆነ 7,200 ለ20 ሲካፈል 360 ስትሮ ይሆናል። 360 በ0.25 ሚሊ ሊትር ሲባዛ 90 ሚሊ ሊትር ነው፤ የመጨረሻው ጠቅላላ መጠን ይህ ነው። አባለዘሩ ራሱ 6 ስለሆነ የሚጨመረው ማቅጠኛ 84 ሚሊ ሊትር ነው። መጀመሪያ አንድ ለአንድ የጨመርሽው 6 ሚሊ ሊትር ከ84ቱ ውስጥ ይቆጠራል። ሁለት ሰው ሁለት ቁጥር የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው፤ አንዱ የመጀመሪያውን 6 ይረሳና 90 ሚሊ ሊትር ማቅጠኛ ይጨምራል።

20 ሚሊዮን ለምን ሆነ? ከማቀዝቀዝና ከማቅለጥ በኋላ ግማሹ ይሞታል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። ላሟ ውስጥ ወደ 10 ሚሊዮን የሚንቀሳቀስ ህዋስ እንዲደርስ ነው የሚፈለገው።

አሁን ዋናው። ይህ ሁሉ ስሌት የቆመው በፎቶሜትሩ ንባብ ላይ ነው። ፎቶሜትር ህዋስ አይቆጥርም፣ የብርሃን መደብዘዝ ነው የሚለካው። መግል፣ አቧራ፣ የተጫረ ኩቬት (የናሙና መያዣ)፣ ሁሉም ህዋስ መስለው ይታዩታል። ስለዚህ በየጊዜው በኒውባወር (በማይክሮስኮፕ ሥር ህዋስ የሚቆጠርበት ካሬ የተሰመረበት መስታወት) ቆጠራ መመርመር አለበት። አባለዘሩን በ3 በመቶ የጨው ውሃ 1 ለ200 አቅጥኑት፤ ጨዉ ህዋሶቹን ስለሚገድላቸው ቆመው ይቆጠራሉ። ክፍሉን ሞልታችሁ 5 ደቂቃ እርጥበት ባለበት ዕቃ ውስጥ ይረፍ። ከመሐሉ 25 ካሬዎች 5ቱን ቁጠሩ፤ አራቱን ማዕዘንና መሐሉን። ራስ ብቻ ነው የሚቆጠረው። መስመር ላይ ካረፉት የላይኛውንና የግራውን ቁጠሩ፣ የታችኛውንና የቀኙን ተዉ። ያገኛችሁትን በ10 ሚሊዮን አባዙ። 118 ከቆጠራችሁ በአንድ ሚሊ ሊትር 1.18 ቢሊዮን ነው። ሁለቱ ክፍሎች ከ10 በመቶ በላይ ከተለያዩ ጥላችሁ እንደገና ሙሉ።

ቀዝቃዛ ክፍል (ቃሊቲ)፦ ጋሼ ይቅርታ፣ 0.25 የሚባለው ስትሮ እኮ መዝጊያው ጥጥና ዱቄት ከያዘው ቦታ፣ ከአየር አረፋውም ጋር ሲታይ 0.25 አይይዝም። ወደ 0.23 ነው። ስለዚህ 20 ሚሊዮን የተባለው በእርግጥ 18 ሚሊዮን ነው።

መላሽ፦ ትክክል ነህ። የመሙያ ማሽናችሁ በእርግጥ ስንት እንደሚሞላ በሚዛን ለክታችሁ በ0.25 ፋንታ እሱን አስገቡ። በ0.23 ከሆነ 360ው ስትሮ 82.8 ሚሊ ሊትር ነው የሚፈልገው፤ ማቅጠኛው 76.8 ይሆናል። አየሩ ግን አይቅር። 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ አረፋ ከሌለ ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ስለሚለጠጥ ስትሮው ይሰነጠቃል፣ ወይም ሲቀልጥ መዝጊያው ይወረወራል።

የላብራቶሪ ባለሙያ (ነቀምቴ)፦ ማቅጠኛውን ራሳችን ብንሠራ? የሚገዛው ሁልጊዜ አይገኝም።

መላሽ፦ ይቻላል። ለ100 ሚሊ ሊትር ትሪስ 2.42 ግራም፣ ሲትሪክ አሲድ ሞኖሃይድሬት 1.36 ግራም፣ ፍሩክቶስ 1 ግራም፣ የእንቁላል አስኳል 20 ሚሊ ሊትር፣ ግሊሴሮል 6.4 ሚሊ ሊትር፤ የቀረው እስከ 100 ዲስትልድ ውሃ። ፒኤች 6.8 አካባቢ። የሲትሪክ አሲዱን ጠርሙስ ጽሑፍ አንብቡ። ውሃ የሌለው ዓይነት ከሆነ 1.36 ሳይሆን 1.24 ግራም ነው የሚገባው፤ አለበለዚያ ፒኤቹ ይወርዳል። ግሊሴሮሉን በፒፔት አትለኩ፤ ወፍራም ስለሆነ ግድግዳው ላይ ይቀራል። በሚዛን 8.1 ግራም ብላችሁ ቀጥታ ዕቃው ውስጥ መዝኑት።

እንቁላሉ የዕለት ይሁን። ቅርፊቱን በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉ፣ ነጩን አፍስሱ፣ አስኳሉን ሳይፈርስ በማጣሪያ ወረቀት ላይ አንከባሉት። ወረቀቱ ነጩን ይመጠዋል። ከዚያ ሽፋኑን ወግታችሁ አስኳሉን ብቻ አፍስሱ፣ ሽፋኑ ወረቀቱ ላይ ይቅር። በፀረ ተህዋስ በኩል ዓለም አቀፍ የእንስሳት ጤና ድርጅት የሚጠቅሰው ድብልቅ በመጨረሻው አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ጀንታማይሲን 250፣ ታይሎሲን 50፣ ሊንኮማይሲን 150፣ ስፔክቲኖማይሲን 300 ማይክሮ ግራም ነው። ቢያንስ ለ45 ደቂቃ ከ5 ዲግሪ በማያንስ ሙቀት ከአባለዘሩ ጋር መቆየት አለበት።

የግል ላብራቶሪ (አዲስ አበባ)፦ አስኳል ጊዜው ያለፈበት አይደለም እንዴ? በሽታ ሊያመጣ ይችላል፣ አንዱ እንቁላል ከሌላው ይለያያል፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ቅንጣቱ ያደናግራል። እኛ ወደ አኩሪ አተር ሌሲቲን ከተዛወርን በኋላ ንጹሕ ነው የምናየው።

የላብራቶሪ ባለሙያ (ነቀምቴ)፦ እንቁላል ከገበያ ይገኛል፤ ያንተ ጠርሙስ በውጭ ምንዛሬ ነው የሚመጣው። ሲያልቅ ኮርማው እስኪመጣ ይጠብቃል?

የግል ላብራቶሪ (አዲስ አበባ)፦ የዋጋ ጉዳይ አላነሳሁም፤ ስለ ንጽሕና ነው የጻፍኩት።

ቀዝቃዛ ክፍል (ቃሊቲ)፦ ንጽሕናውማ በማጣሪያና በሴንትሪፉጅ ይስተካከላል። ዋናው ከቀለጠ በኋላ ስንት ይንቀሳቀሳል ነው።

መላሽ፦ ሁላችሁም ከፊል ልክ ናችሁ። አስኳሉ ለምን እንደሚሠራ ካወቅን ክርክሩ ያጥራል። በኮርማ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት ፕሮቲን ህዋሱ ሽፋን ላይ ይለጠፍና ኮሌስትሮልና ስብ እየመዘዘ ያወጣበታል። በተፈጥሮ ስሪያ ይህ አይጎዳም፣ እንዲያውም ህዋሱ ለማዳበር እንዲዘጋጅ ይረዳዋል። እኛ ግን አባለዘሩን ለሰዓታት እናቆየዋለን፤ በቆየ ቁጥር ሽፋኑ ይሳሳል። አስኳሉ ውስጥ ያለው ዝቅተኛ ጥግግት ያለው የስብ ፕሮቲን ያንን ፕሮቲን ይዞ ያስቀረዋል። መጀመሪያ ቶሎ አንድ ለአንድ አቅጥኑ የምለውም ለዚህ ነው። የአኩሪ አተር ሌሲቲንም ሽፋኑን ይጠብቃል፣ የበሽታ ሥጋቱም ያነሰ ነው። የትኛው ለእናንተ እንደሚሻል በክርክር አይታወቅም፤ የአንዱን ኮርማ አባለዘር ለሁለት ክፈሉ፣ ግማሹን በአንዱ ግማሹን በሌላው አዘጋጁና በማግሥቱ አቅልጣችሁ አወዳድሩ። በአንድ ኮርማ አትፍረዱ። አንዳንድ ኮርማ በአንዱ ይወድቅና በሌላው ያልፋል። ወደ ሌላ እንለፍ።

ቀዝቃዛ ክፍል (ቃሊቲ)፦ የማቀዝቀዣ ፕሮግራሙ መብራት ሲቋረጥ በፈሳሽ ናይትሮጂን እንፋሎት እንሠራለን። ውጤቱ ግን አንድ ቀን ደህና አንድ ቀን መጥፎ ነው።

መላሽ፦ ማሽኑ የሚሠራውን ካወቅህ በእጅ ልትመስለው ትችላለህ። የተለመደው ፕሮግራም ከ4 ዲግሪ እስከ ዜሮ በታች 10 በየደቂቃው 5 ዲግሪ፣ ከዚያ እስከ ዜሮ በታች 100 በየደቂቃው 40፣ ከዚያ እስከ ዜሮ በታች 140 በየደቂቃው 20 ይወርዳል፤ ቀጥሎ ፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ ይጠልቃል። በጣም ከዘገየ በህዋሱ ዙሪያ ያለው ውሃ እየረጋ የቀረው ፈሳሽ ጨው ይበዛበትና ህዋሱን ያደርቀዋል። በጣም ከፈጠነ ውሃው ሳይወጣ ህዋሱ ውስጥ ይረጋና በረዶው ሽፋኑን ይቀደዋል።

በእንፋሎት ሲሆን የስትሮው መደርደሪያ ከፈሳሹ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ለ10 ደቂቃ ይቀመጥ። ውጤትህ የሚለዋወጠው ምናልባት በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ናይትሮጂኑ እየተነነ ስለሚወርድ መጀመሪያ 4 የነበረው ሦስተኛው ዙር ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በየዙሩ በማስመሪያ ለካ። ሁለተኛ፣ አንድ ቀን 50 ስትሮ ሌላ ቀን 400 ታስገባለህ፤ ብዙ ስትሮ ብዙ ሙቀት ይዞ ነው የሚገባው። ሦስተኛ፣ ስትሮው በ4 ዲግሪ 4 ሰዓት ሳያርፍ ታስገባዋለህ። ከ34 ወደ 4 ዲግሪ መውረዱ ብቻውን ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ ዕረፍቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚቆጠረው። ስትሮ ሲሞላም በ4 ዲግሪ ካቢኔ ውስጥ ይሁን፣ መደርደሪያውም ቀዝቅዞ ይጠብቅ። በማግሥቱ ከየባቹ (አንድ ላይ ከተዘጋጀው ስትሮ) ሁለት ስትሮ አቅልጥ። ከ40 በመቶ በታች ከተንቀሳቀሰ ባቹ በሙሉ ይወገድ። ለወረዳ «ለጊዜው ይሁን» ተብሎ አይላክ።

ተማሪ (ሐዋሳ)፦ እሺ፣ ሰው ሠራሽ ማዳቀል በኢትዮጵያ መቼ ተጀመረ?

መላሽ፦ እ.ኤ.አ. በ1938 አስመራ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተቋረጠ፤ በ1952 እንደገና ተጀመረና ናይትሮጂንና አባለዘር ከውጭ ማምጣቱ ስለከበደ ቆመ። በ1967 በአርሲ ጭላሎ አውራጃ። ብሔራዊው ማዕከል ቃሊቲ በ1984። ግሊሴሮል ህዋስን ከብርድ እንደሚጠብቅ የታወቀው በ1949 እንግሊዝ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በፊት አባለዘርን አርግቶ ማቆየት የተለመደ ሥራ አልነበረም።

አዳቃይ (ሰላሌ)፦ እኔ መስክ ላይ ነኝ። ሙቅ ውሃ ተሸክሞ መዞር ይከብዳል። ስትሮውን በመዳፌ አሽቼ ወይም ብብቴ ሥር አድርጌ አቀልጣለሁ። ላሞቹ ይይዛሉ።

አዳቃይ (ይልማና ዴንሳ)፦ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ቴርሞስ ከያዝኩ ወዲህ ተመልሳ የምትመጣ ላም ቀንሳለች።

አዳቃይ (ሰላሌ)፦ በደጋ ቴርሞሱ ራሱ ሁለተኛው ቤት ሳይደርስ ይቀዘቅዛል። በቀዘቀዘ ውሃ ከማቅለጥ ብብት ይሻላል።

አዳቃይ (ይልማና ዴንሳ)፦ ከቀዘቀዘ የፈላ ውሃ ትጨምርበታለህ፤ የትም ቤት እሳት አለ።

መላሽ፦ ሰላሌ፣ ላሞቹ የሚይዙት ላብራቶሪው 20 ሚሊዮን ስላስገባልህ ነው። ያ ትርፍ ጥፋትህን ይሸፍንልሃል፤ ሁሉንም ግን አይሸፍነውም። ስትሮው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሲወጣ አደገኛው ቦታ ከዜሮ በታች 50 እስከ 5 ያለው ነው። በዚያ መሐል ትንንሾቹ የበረዶ ቅንጣቶች እርስ በርስ እየተጣበቁ ትልልቅ ይሆናሉ፣ ህዋሱንም ይወጉታል። 37 ዲግሪ ውሃ ያንን ቦታ በሰከንዶች ያሻግረዋል። መዳፍና ብብት ስትሮውን በቀጭን ጎኑ ብቻ ነው የሚነኩት፣ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም፤ ቀስ እያለ ነው የሚያልፈው።

ስለዚህ ቴርሞስ ያዝ፤ ውሃው ከ35 እስከ 37 ዲግሪ፣ ለ0.25 ስትሮ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ። በሰዓት ቁጠር። ሲቀልጥ በደረቅ ወረቀት በደንብ አድርቀው። አንዲት የውሃ ጠብታ ከመቁረጫው ጋር ወደ ስትሮው ከገባች የነካቻቸው ህዋሶች ውሃ ጠጥተው ጭራቸው ይጠቀለላል፣ አለቀ። በጣትህ ነቅንቀህ አረፋውን ወደ ተዘጋው ጫፍ አምጣው። ጋኑን (ስትሮው የሚገባበትን የማዳቀያ ዘንግ) በወረቀት ፈትገህ አሙቀው፣ የጥጡን ጫፍ አስቀድመህ አስገባ፣ አረፋው ላይ ቀጥ አድርገህ ቁረጥ። ሰያፍ ከተቆረጠ ሺዙ (ጋኑ የሚለብሰው የፕላስቲክ ሽፋን) ውስጥ በደንብ አይገጥምም፣ አባለዘሩ ወደ ኋላ ይፈሳል፤ ገፋሁት ብለህ ግማሹ ሺዙ ውስጥ ይቀራል። ሺዙን አልብሰህ ከሸሚዝህ ውስጥ ወደ ገላህ አስጠግተህ ያዘው። በ10፣ ቢበዛ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከማህፀኑ በር አሳልፈህ ማህፀኑ አካል ላይ በቀስታ፣ አምስት እስክትቆጥር አስቀምጥ።

ቴርሞሜትርህንም መርምር። የተፈጨ በረዶ ከጥቂት ውሃ ጋር ቀላቅለህ ስታስገባው ዜሮ ማለት አለበት። በፈላ ውሃ አትመርምረው፤ ደጋ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፣ አዲስ አበባ ላይ እንኳ 92 አካባቢ ነው።

አዳቃይ (ጎንደር ዙሪያ)፦ በድራት ማመሳሰል (ላሞች በአንድ ጊዜ ኮርማ እንዲፈልጉ ማድረግ) ዘመቻ ቀን 40፣ 50 ላም ተሰልፎ ይጠብቃል። 10 ስትሮ አንድ ላይ ማቅለጥ ይቻላል?

መላሽ፦ አይቻልም። 10 የቀዘቀዘ ስትሮ ትንሽ ቴርሞስ ውስጥ ሲገባ ውሃው ይወርዳል፣ ስትሮዎቹም ተጣብቀው መሐል ያሉት ዘግይተው ይቀልጣሉ። አሥረኛዋ ላም ጋ ስትደርስ ደግሞ አባለዘሩ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። አንድ ሰው በ10 ደቂቃ ማዳቀል የሚችለውን ያህል ብቻ አቅልጥ፤ ለአብዛኛው ሰው ሁለት ነው። አንድ ሰው ማቅለጥ ብቻ፣ ሌላው ማዳቀል ብቻ ይሥራ።

ወተት አርቢ (ሱሉልታ)፦ ጤና ይስጥልኝ። አንዲት ክልስ ላሜ አራት ጊዜ ተዳቅላ አልያዘችም። አባለዘሩ ይሆን?

መላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከዚያው ባች በሰፈሩ የተዳቀሉት ሌሎች ላሞች ይዘው እንደሆነ አዳቃዩን ይጠይቁት። እነሱ ከያዙ ችግሩ ላሟ ወይም ሰዓቱ ነው፣ ሐኪም ይያት። እነሱም ካልያዙ የአዳቃዩ ኮንቴነር (ስትሮ በፈሳሽ ናይትሮጂን የሚቀመጥበት ዕቃ) ይታይ። ድራቱን ጠዋት ካዩ ወደ ማታ፣ ማታ ካዩ በማግሥቱ ጠዋት ነው የሚዳቀለው።

አዳቃይ (ይልማና ዴንሳ)፦ ኮንቴነሩ ምን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

መላሽ፦ በሁለት ነገር። ውጪው አንገቱ አካባቢ በረዶ ወይም ላብ ካወጣ ቫኪዩሙ (በግድግዳዎቹ መሐል ያለው አየር አልባ ክፍተት) አልቋል፤ ስትሮውን ዛሬውኑ ወደ ሌላ አዛውር። ሁለተኛው የናይትሮጂኑ ከፍታ ነው። ደረቅ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ማስመሪያ እስከ ታች ለ10 ሰከንድ አስገብተህ አውጣና አየር ላይ አወዛውዘው፤ ነጭ የሆነበት ድረስ ነው ያለህ። ብረት ወይም ቧንቧ አታስገባ፤ በቧንቧው ውስጥ ናይትሮጂን ወደ ላይ ይረጫል።

ከዚያ በላይ ስትሮ የሚገድለው የአዳቃዩ እጅ ነው። ኮንቴነሩ ሙሉ ቢሆንም ከአፉ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ያለው ሙቀት ከዜሮ በታች 20 አካባቢ ብቻ ነው፣ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ከዜሮ በታች 80። ካኒስተሩን (ስትሮዎቹ የተደረደሩበትን ረጅም እጀታ ያለው መያዣ) እስከ አፉ ጎትቶ የኮርማ ቁጥር የሚያነብ ሰው አንድ ስትሮ ያወጣል፣ የቀሩትን 30ዎቹን ደግሞ ያሞቃቸዋል። ተመልሰው ሲገቡ እንደገና ይረጋሉ፣ ምንም ምልክት የላቸውም። ካኒስተሩ ከአፉ ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትር በታች ይቅር፣ ስትሮው በፒንሴት ይያዝ፣ 8 ሰከንድ ካለፈህ መልሰህ አስጠልቀህ እንደገና ሞክር። የትኛው ኮርማ የትኛው ካኒስተር ውስጥ እንዳለ ክዳኑ ላይ ጻፍ፤ ያኔ መፈለግ ይቀራል።

አርቢ (ደብረ ዘይት)፦ ሴት ጥጃ ብቻ የሚያስወልደው ስንት ነው ዋጋው?

መላሽ፦ ዋጋ እኔን አትጠይቁ። ሥራውን ልንገራችሁ። ሴት የሚያስወልደው ህዋስ በኮርማ ላይ ወደ 3.8 በመቶ የሚበልጥ ዲኤንኤ አለው፤ በቀለም ተነክሮ በማሽን አንድ በአንድ ይለያል። 90 በመቶ ገደማ ሴት ይሆናል። ስትሮው ውስጥ ያለው ግን 20 ሳይሆን 2 ወይም 4 ሚሊዮን ነው። ጥፋት የሚሸፍን ትርፍ የለውም። ለጤነኛ ጊደር እንጂ ለምትመላለስ ላም አይሰጥም።

የክሊኒክ ላብራቶሪ (አዲስ አበባ)፦ በሰው ህክምና የዘር ፈሳሹን አጥበን ነው ማህፀን ውስጥ የምናስገባው። ለምን ለኮርማ አይታጠብም?

መላሽ፦ በሰው ያልታጠበ ፈሳሽ በቀጥታ ማህፀን ውስጥ ከገባ በውስጡ ያለው ፕሮስታግላንዲን (ማህፀን የሚያኮማትር ንጥረ ነገር) ከባድ ቁርጠት ያመጣል፣ ተህዋስም ይገባል። ስለዚህ በሁለት ድርብርብ ፈሳሽ፣ 40 እና 80 በመቶ፣ በሴንትሪፉጅ ይጣራል፤ ወይም ራሳቸው ወደ ላይ ዋኝተው እንዲወጡ ይደረጋል። በኮርማ ላይ ባሳየሁት ምሳሌ 6 ሚሊ ሊትር ወደ 90 ቀጥኗል፤ የዘር ፈሳሹ ከ7 በመቶ ያንሳል። ማጠቡ ህዋስ ማባከን ነው። ስለ ሰው ከዚህ በላይ እናንተ ናችሁ የምታውቁት።

አዳቃይ (አምቦ)፦ ስትሮ በስንት ዲግሪ ነው የሚቀልጠው?

መላሽ፦ ከላይ ተመልሷል። ከ35 እስከ 37፣ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ላብራቶሪ ጀማሪ (ባህር ዳር)፦ አንድ ኮርማችን ታሞ ትኩሳት ነበረው፣ አሁን ድኗል። መቼ እንሰብስብ?

መላሽ፦ ህዋስ ተሠርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። ትኩሳቱ የነካቸው ገና እየመጡ ነው፤ ዛሬ ደህና ሆኖ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠማማ ራስና የተጠቀለለ ጭራ ሊበዛ ይችላል። በየሳምንቱ ሰብስባችሁ ቅርጹን እዩ፣ መዝግቡ፣ ጣሉት። ቅርጹ የተበላሸው ከ30 በመቶ በታች እስኪወርድ ስትሮ አይሞላ። ደግሞ መርፌው ጥቁር ጎማ ያለው ከሆነ አባለዘር አትንኩበት፤ አንዳንዱ ጎማ ህዋስ ይገድላል።

አዳቃይ (ሰላሌ)፦ ጋሼ፣ ከከተማ በረዶ አስመጥቼ ቴርሞሜትሬን አስገባሁት። ዜሮ አላለም፣ 4 ነው የሚያሳየው።

መላሽ፦ ደግ አደረግህ። 37 ያልከው ውሃ ምናልባት 33 ነበር ማለት ነው። ግን ስህተቱ ከላይም ከታችም አንድ ላይሆን ይችላል። ከጤና ጣቢያ የሰው ትኩሳት መለኪያ ተዋስ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን ለሦስት ደቂቃ አስገባ፤ የትኩሳት መለኪያው 37 ሲል ያንተ ስንት እንደሚል ጻፍ። 41 ካለ ሌላ እስክትገዛ 41 ላይ አቅልጥ፣ ቁጥሩን ቴርሞሱ ላይ ለጥፈው። ሌላ ቁጥር ካሳየህ እዚህ ላክልኝ።

አዳቃይ (ሰላሌ)፦ 40 ይላል።

መላሽ፦ እንግዲያው 40 ነው። ለጥፈው።